የተተፋበት አልማዝ

ያምሮት ስመኘው ፍኖተ ሰላም ከተማ ውስጥ ወርቅ ሠሪ ናት። ሱቋ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ፣ በጫማ መሸጫና በፎቶ ቤት መካከል የተሰካች ጠባብ ክፍል ናት። ከፊት የመስታወት ሣጥን፣ ከኋላ የመሥሪያ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛው በላይ ደግሞ የቀን ብርሃን የሚያስገባ መስኮት አለ። ሰው ቀለበት ሲጠበው፣ የጆሮ ጌጥ ሲሰበርበት፣ ልጁን ሲድር ወደ እሷ ይመጣል። እጇ ንጹሕ ነው፣ ወርቅ አትቀላቅልም እያለ ያመሰግናታል። ውሃ የጠማው እንደሆነ ግን ከእሷ ብርጭቆ አይጠጣም፤ ብድግ ብሎ ከጎረቤት ሱቅ የታሸገ ውሃ ይገዛል።

ለምን እንደሆነ ማንም በአፉ ነግሯት አያውቅም። እሷም አትጠይቅም፤ ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀው ነገር ነው። አባቷ ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች መንደር ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ። የአካባቢው ገበሬ ሁሉ የሚያርሰው እሳቸው ባወጡት ማረሻ ነበር። ማጭዱም፣ ዶማውም፣ የበሩ ማጠፊያም ከእሳቸው ወናፍ ሥር የወጣ ነው። ግን ማረሻውን ከእጃቸው የሚቀበል ሰው አልነበረም። «እዚያ መሬት አስቀምጥልኝ» ይላቸዋል ገበሬው፤ እሳቸው ካስቀመጡት በኋላ ጎንበስ ብሎ ያነሣዋል። ቀጥቃጭ ቡዳ ነው ይባላላ። ዓይኑ ሰው ይበላል፣ የላም ጡት ያደርቃል፣ ያማረ ነገር ካየ ይሰነጥቃል።

ያምሮት ይህን ሸሽታ በወጣትነቷ ባሕር ዳር ሄደች። ዘሯን ሳይጠይቅ የቀጠራት አንድ ወርቅ ቤት አገኘችና፣ መጀመሪያ ወለል እየጠረገች፣ ቀጥሎ ወርቅ እያቀለጠች፣ በመጨረሻ ድንጋይ እየሰካች ሙያውን ለመደች። እዚያው አግብታም ነበር። የባሏ ዘመዶች የማን ልጅ እንደሆነች አጣርተው የመጡ ለት፣ ባሏ ምሳውን ሳይጨርስ ከገበታው ተነሣ፤ በሳምንቱ ልብሱን ሰብስቦ ሄደ። እናቷ ታማ ሐኪም ቤት ስትገባ ፍኖተ ሰላም ድረስ ወርዳ አስታመመቻት፣ ቀበረቻት፣ ከዚያ ወዲያ የሚመልሳት ነገር ስላልነበረ እዚያው ሱቅ ከፈተች።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ ዘመን የሰካችው ድንጋይ ብርጭቆና በፋብሪካ የተሠራ ነገር ነው። አልማዝም ነክታለች፤ ጤፍ የምታክል፣ በወረንጦ ስትያዝ ብን ብላ የምትጠፋ። ትልቅ አልማዝ በእጇ ገብቶ አያውቅም። አንድ ቀን ሳላይ እሞታለሁ እያለች ለራሷ ትቀልድ ነበር።

ገነነ ወደ ሱቋ የመጣው ታኅሣሥ ሊገባ ሲል ነው። የቡሬ ልጅ ነው። እናቱ ወይዘሮ አልጣሽ በበርበሬና በበቆሎ ንግድ ስማቸው የተጠራ ሴት ናቸው፤ እሱ ደግሞ የጭነት መኪኖች ያሠራል። ፍኖተ ሰላም በመጣ ቁጥር ብቅ ይላል፣ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ያወራል፣ ሻይ ስታስመጣም አብሯት ይጠጣል። ለዚህ ለዚህ ትወደዋለች። ያን ቀን ስልኩን ከፍቶ አንድ ሥዕል አሳያት።

«እትዬ ያምሮት፣ እስቲ ይቺን እይልኝ።»

ረዘም ያለ አራት ማዕዘን ድንጋይ ነው፤ አራቱ ጫፎቹ ተቆርጠው ስምንት ጎን ሆኗል። ውስጡ ወደ ታች እንደ ደረጃ እየወረደ ይሄዳል።

«ኤመራልድ ከት ነው የሚሉት» አለ ገነነ። «ስሙን ከአረንጓዴው ድንጋይ ወስዶ ነው እንጂ አልማዝ ነው። ለትሕትና ነው። ጥር ላይ ነው ሠርጋችን።»

ትሕትና ባሕር ዳር ባንክ የምትሠራ እጮኛው ናት። ለያምሮት አንድ ጊዜ ፎቶዋን አሳይቷታል።

«ውብ ነው» አለች ያምሮት። «አስቸጋሪም ነው። ክቡ አልማዝ ሺህ ቦታ ስለሚያብረቀርቅ ጉዱን ይሸፍናል። ይኼ ግን መጋረጃ እንደሌለው መስኮት ነው፤ ነጠብጣብ ካለው ይታያል፣ ቢጫ ከሆነም ቢጫነቱ ይታያል። ትልቅ በሆነ ቁጥር ደግሞ ይብሳል።»

«ትልቅ መሆኑማ ግድ ነው። እማዬ ጥንካሬውንና ቀለሙን ነው የምትለው። የማይሰበር ይሁን፣ ቀለሙም ነጭ ይሁን፣ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ይሁን ነው የምትል። ከአዲስ አበባ ድንጋይ የሚያመጣ ደላላ አግኝተናል። እናቴ ግን የአዲስ አበባ ሰው አታምንም። ቡሬ ድረስ መጥተሽ ብትመርጭልን?»

ያምሮት ስለ ወይዘሮ አልጣሽ የምትሰማው አለ። እምቢ ማለት ነበረባት። ግን ድንጋዩን ማየት ፈለገች። እሺ አለች።

መንገዱ አንድ ቀን ክፍት አንድ ቀን ዝግ የሚሆንበት ሰሞን ነበረና ደላላው በአውሮፕላን ባሕር ዳር ገብቶ ቀናት ጠብቆ ነው ቡሬ የደረሰው። ወንዳወቅ ይባላል፤ ቀጠን ያለ፣ ሽቶ የተቀባ፣ ሲያወራ ራሱን የሚያዳምጥ ሰው ነው። ያምሮት አጉሊ መነጽሯንና ወረንጦዋን በቦርሳዋ ይዛ ከሚኒባስ ወርዳ ወደ ወይዘሮ አልጣሽ ግቢ ስትገባ፣ እሱ ከትልቁ ሶፋ ላይ ጫማውን አውልቆ ተቀምጧል።

ወይዘሮ አልጣሽ ከመቀመጫቸው አልተነሡም። ያምሮት ጎንበስ ብላ «እንደምን አደሩ እትዬ?» ስትላቸው፣ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተው «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉና በአገጫቸው ወደ በሩ ዳር ጠቆሟት። እዚያ የፕላስቲክ ወንበር ተቀምጦላታል። ከሶፋው ራቅ፣ ከበሩ ጠጋ ያለ።

ወንዳወቅ ከደረት ኪሱ ድንጋዮቹ የተጠቀለሉባቸውን ሦስት የተጣጠፉ ወረቀቶች አወጣ። ያምሮት ነጭ ወረቀት መስኮቱ ሥር እንዲያነጥፍላት ጠየቀችው። በፀሐዩ ሳይሆን በጥላው ብርሃን ነው ቀለም የሚለየው። የመጀመሪያውን ድንጋይ በወረንጦ ያዘችው።

እውነትም ደረጃ ነበር። ዓይኗ ከላይኛው ሰፊ ገጽ ተነሥቶ አንድ አንድ እያለ ወደ ታች ወረደ፣ ታች ሲደርስ ብርሃኑ ቦግ ብሎ መለሰው። ውሃ የሚመስል ንጣት ነው። በጎኑ አጋድማ ወረቀቱ ላይ አስተኛችው፤ ከወረቀቱ አልተለየም። ለቅጽበት ያለችበትን ቤት ረሳች።

«ይኼ ንጹሕ ነው» አለች። «ቀለሙም ነጭ ነው። ጫፎቹ በደንብ ተቆርጠዋል። አልማዝ በመፋቅ አይጎዳም፤ በመመታት ግን ይፈነከታል። የሚፈነከተው ደግሞ በጫፉ ነው፤ ጫፉ ሲቆረጥ የሚያሰጋው ይቀንሳል።»

«ትንሽ ነው» አሉ ወይዘሮ አልጣሽ።

ሁለተኛው ከእሱ ከፍ ይላል። በጎኑ ስታስተኛው ትንሽ ወደ ቢጫ ያደላል፤ ከፊት ሲያዩት ግን አይታወቅም፣ በቢጫ ወርቅ ቢታሰር ጭራሽ ይጠፋል። ዙሪያ ጠርዙ ወፈር ያለ ነው፣ ቢመታም ይችላል። እሷ ብትሆን ይኼን ነበር የምትመርጠው፤ እንደዚያው አለች። ቀና ብላ ድንጋዩን ለወይዘሮ አልጣሽ ልታቀብላቸው እጇን ስትዘረጋ ወይዘሮዋ ወደ ኋላ አሉ።

«እዚያው ወረቀቱ ላይ አስቀምጭው» አሉ።

ወንዳወቅ አየት አደረጋቸው። ያምሮት አስቀመጠችው። የአባቷ ደንበኞች ዘመን አልፏል ብላ አስባ አታውቅም፤ ያም ሆኖ ለእንዲህ ያለ ድንጋይ እንኳ «አስቀምጭው» እባላለሁ ብላ አልጠበቀችም።

ሦስተኛው ሳይገለጥ ምሳ ቀረበ። ሠራተኛዋ መስከረም ትልቁን ትሪ ሶፋው ፊት አስቀመጠች። ገነነ፣ እናቱና ወንዳወቅ ተሰበሰቡ። ወይዘሮ አልጣሽ ያምሮትን በጎን አይተው የነጠላቸውን ጫፍ ዘረጉና ትሪውን ከእሷ ዓይን ጋረዱት። መስከረም ለያምሮት ለብቻዋ አመጣችላት። የወረቀት ሳህን ነው፤ ተበልቶበት የሚጣለው ዓይነት። ውሃውም በሚጣል ኩባያ ነው።

«ለብቻሽ ይመችሻል ብለን ነው» አለች መስከረም መሬት መሬቱን እያየች።

ያምሮት ገነነን በዓይኗ ፈለገችው። ሻይዋን የሚጠጣው ገነነ ጀርባውን ሰጥቷት እንጀራ ይቆርሳል። ከነጠላው በስተጀርባ የሚያኝኩት ይሰማታል። ወንዳወቅ ጣቱን ይልሳል፣ ወይዘሮ አልጣሽ ያጎርሱታል፣ ቅቤው በአገጩ ይወርዳል፣ «እማማ በቃኝ፣ እማማ ሞትኩ» ይላል። ቡሬ ከመጣ ገና ማደሩ ነው፤ ማን ይሁን፣ የማን ይሁን፣ የጠየቀው የለም።

«ልጅቷንም እንዲሁ ነው ያስመረጥኋት» ይላሉ ወይዘሮ አልጣሽ አፋቸው ሞልቶ። «እስከ ሰባት ቤት አስጠንቻለሁ። አጥንቷ ንጹሕ ነው፣ አንዲት ነቁጥ የለባት። ቀለሟም ቀይ ነው። እናቷ ዘጠኝ ወልዳለች፣ ጠንካራ ዘር ናቸው። ቤቴ የሚገባ ነገር ሳይመረመር አይገባም።»

«ልክ እንደ አልማዝ!» አለ ወንዳወቅ፤ ተሳሳቁ።

ያምሮት የጎረሰችውን ለመዋጥ ሞከረች። አልወርድ አላት። የወጡ ቅባት ምላሷ ላይ እንደ ሻማ ረጋ። ሳህኑን ከወንበሩ ሥር አስቀመጠችና እጇን ደጋግማ በመሐረቧ ጠረገች።

ከምሳ በኋላ ወንዳወቅ ሦስተኛውን ወረቀት ዘረጋ። ወይዘሮ አልጣሽ «እሰይ!» አሉ። ትልቅ ነው። የትንሿ ጣት ጥፍር ያህል ወርዱ፣ ርዝመቱ ደግሞ የበለጠ። እሷ ከመምጣቷ በፊት ይኼኛውን ሲያገላብጡት እንደነበር ከአነጋገራቸው ገባት። የሌሎቹ ነገር ለወጉ ነው፤ ልባቸው እዚህ ላይ ወድቋል።

ያምሮት መስኮቱ ሥር ወስዳ አየችው። በጎኑ ስታጋድመው ቢጫነቱ ገሃድ ወጣ፤ የማር ብርዝ ይመስላል። ያም ይሁን፣ ቀለም የሰው ምርጫ ነው። አጉሊ መነጽሯን ዓይኗ ላይ አድርጋ ጫፎቹን አንድ በአንድ ዞረች። ወንዳወቅ ድንጋዩን ሲያስቀምጥ ወደ ራሱ ያዞረው አንድ ጫፍ ነበር። እዚያ ላይ ስትደርስ ቆመች። ከተቆረጠው ጫፍ ተነሥቶ ወደ ውስጥ የሚገባ ስንጥቅ አለ፤ እንደ ላባ የተዘረጋ፣ ብርሃኑ ሲያገኘው ነጭ ብልጭ የሚል።

«እትዬ፣ ይኼን ባይወስዱት ይሻላል» አለች። «ቀለሙ ቢጫ ነው፣ እሱ ግድ የለም። ግን እዚህ ጫፉ ላይ ስንጥቅ አለበት። መሀሉ ላይ ቢሆን አያስፈራም ነበር። ጫፉ ላይ ሲሆን፣ ልጅቷ እጇን ከበር ጠርዝ ጋር ብታጋጨው ሊፈነከት ይችላል።»

ወይዘሮ አልጣሽ ፊታቸው ተለወጠ።

«ስንጥቅ?» አሉ።

«አዎ እትዬ። በዚህ ቢያዩት ይታይዎታል።»

«ጠዋት ስንጥቅ አልነበረበትም» አሉ ወይዘሮ አልጣሽ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የተናገሩት። «ስናየው ነው ያረፈድነው። ደህና ድንጋይ ነበር። አንቺ ዓይንሽን ጣልሽበት፣ ተሰነጠቀ።»

ያምሮት መጀመሪያ የሰማችው ነገር አልገባትም። ቀጥሎ ሲገባት ወደ ወንዳወቅ ዞረች። እሱ ያውቃል። ድንጋይ ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው፤ ስንጥቁን ለመደበቅ ነው ያን ጫፍ ወደ ራሱ ያዞረው።

«ንገራቸው እንጂ» አለችው። «ይኼ ከመሬት ሲወጣ አብሮት የወጣ ስንጥቅ ነው። እኔ አየሁት እንጂ አልሰነጠቅሁትም በላቸው።»

ወንዳወቅ ወይዘሮ አልጣሽን አየ፣ ድንጋዩን አየ። በቡዳ እንደማያምን ያስታውቅበታል፤ ከንፈሩ ጫፍ ላይ ሳቅ አለ። ግን ሽያጩ ከሚበላሽበት የሌላ ሰው ስም ቢበላሽ ይሻለዋል።

«እኔ እንጃ እማማ» አለ። «ሳመጣው ደህና ነበር። እንዲህ ያለ ነገር አላየሁበትም።»

አገጩ ላይ የምሳው ቅቤ አልደረቀም ነበር። እውነትን ለማወቅ ከማንም በላይ የሚቀርበው ሰው፣ የማያምንበትን ነገር አንሥቶ እሷ ላይ ሲያኖረው ምንም አልመሰለው።

«እንትፍ በይበት» አሉ ወይዘሮ አልጣሽ። «እንትፍ በይበትና ልቀቂው። ያለዚያ ከዚህ ቤት አትወጪም።»

ቡዳ በላው የተባለን ሰው ወይም ከብት፣ በልቷል የተባለው ሰው ሲተፋበት ይለቀዋል ይላሉ። ያምሮት ይህን ያየችው አንድ ጊዜ ነው። በሬ ታሞባቸው ገበሬዎች ዱላ ይዘው አባቷ ጋ መጥተው ነበር። አባቷ አንድ ቃል አልመለሱላቸውም፤ ወናፉን አስቀምጠው ሄዱና በበሬው ላይ ተፍተው መጡ። ልጅ ነበረች፤ ለምን እምቢ አይልም፣ ለምን ተዋረደ እያለች ለዓመታት በሆዷ ስታማቸው ኖራለች።

አሁን ዘበኛው ከነዱላው በሩ ላይ ቆሟል። የግቢው በር ከውስጥ ተዘግቷል። ገነነ ቀረብ አላትና በጆሮዋ ተናገረ።

«እትዬ ያምሮት፣ ምን ይጎዳሻል? እንትፍ በይበትና ነገሩ ይብረድ። እኔ እንደማላምንበት ታውቂያለሽ። ለእማዬ ብለሽ ነው።»

«አታምንበትም?»

«አላምንበትም።»

«ለእናትህ ንገራት ታዲያ።»

ዓይኑን ሰበረ። ከሁሉም ይኼ ባሰባት። የእናቱስ እሺ፣ ያደጉበት ነው። የደላላውም ሆዱ ነው። ይኼ ግን እውነቱን ያውቃል፣ ሻይዋን ጠጥቷል፣ ቃሏ እንደ ልቧ መሆኑን ያውቃል፤ ያም ሆኖ ለእናቱ «ተሳስተሻል» ከማለት እሷ ብትተፋ ይቀልለዋል።

ያምሮት ድንጋዩ ወዳለበት ወረቀት ሄደች። ምራቋን ከጉሮሮዋ ሥር ሳበችው። ያልወረደላትን ምሳ፣ የወረቀቱን ሳህን፣ በነጠላ የተጋረደውን ትሪ፣ የአዲስ አበባውን ሰው ሽቶ፣ ሁሉንም አንድ ላይ ሰብስባ ተፋች። በደንብ ተፋች። ምራቁ ሰፊውን ገጽ ሸፍኖ በደረጃው ወረደ።

«ለቀቀ!» አሉ ወይዘሮ አልጣሽ። እሷ ለምን እንደተፋች ግን ከዚያ ቤት ማንም አልጠየቃትም።

ወንዳወቅ ድንጋዩን በመሐረቡ ጠረገና በራሱ መነጽር አየው። «ይገርማል» አለ፣ ረጅም ጊዜ አይቶ። «ይገርማል እማማ። አሁንስ አይታይም።» ወይዘሮ አልጣሽ መነጽሩን ተቀብለው በተቃራኒው ጎን ዓይናቸው ላይ ደቀኑት፤ በዚያ በኩል ዝሆንም ቢቆም አይታይም። «ድኗል! ንጹሕ ነው!» ብለው ጮኹ። ያን ጊዜ ወሰኑ። ትልቁን፣ ቢጫውን፣ ስንጥቁን መረጡ።

ያምሮት ቦርሳዋን ይዛ ወጣች። ሚኒባሱ ከቡሬ ጥቂት እንደራቀ ሾፌሩን አስቆመችና መንገድ ዳር ተንበርክካ አስመለሰች። ከጎኗ የነበሩ አንዲት ባልቴት ሎሚ ሰጧት።

«መኪና አይስማማሽም ልጄ?»

«አዎ እናቴ» አለች።

ሠርጉ ጥር ላይ ተደረገ። የቀለበቱ ነገር ከሠርጉ አስቀድሞ ፍኖተ ሰላም ገብቶ ነበር። ወይዘሮ አልጣሽ በሄዱበት ለቅሶ ቤትና ማኅበር ሁሉ ያወሩታል፦ ወርቅ ሠሪዋ በዓይኗ ሰነጠቀችው፣ ሲያስጨንቋት ተፋችበት፣ ከዚያ እንደነበረ ተመለሰ። ያምሮት ይህን ስትሰማ ደንበኛ ይሸሸኛል ብላ ነው የፈራችው። የሆነው ግን ሌላ ነው። ሰው ይመጣባት ጀመር።

አንዲት ሴት የታመመ ልጇን ልብስ ይዛ መጣች። አንዱ ነጋዴ ሱቁ ስለቀዘቀዘበት የበሩን ቁልፍ ይዞ መጣ። ሌላው ላሙን ማምጣት ስላልቻለ ፎቶዋን በስልኩ አንሥቶ፣ «እዚህ ላይ እንትፍ በይልኝ» ብሎ ስልኩን መስታወቱ ላይ አስቀመጠ። ሁሉም በትሕትና ነው የሚለምኗት፤ «እባክዎ» ይሏታል፣ «እርስዎ» ይሏታል። ከእጇ ወርቅ ሲቀበሉ እንኳ እንዲህ አክብረዋት አያውቁም። ምራቋን ግን አከበሩት። የልጁን እናት ወደ ጤና ጣቢያ እንድትሄድ ለምና ላከቻት፤ ሴትዮዋ «ጨክነሽ ነው» ብላ እያለቀሰች ሄደች። ያምሮት በመጨረሻ ካርቶን ቆርጣ መስታወቱ ላይ ለጠፈች፦ «እዚህ ወርቅ ይሠራል። ሌላ ሥራ የለም።»

ከፋሲካ በኋላ አንድ ጠዋት ትሕትና መጣች። ብቻዋን ነበረች። ካርቶኑን አንብባ ገባችና በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ማን እንደሆነች ከመናገሯ በፊት ያምሮት ቀለበቱን አውቃዋለች። በነጭ ወርቅ አሳስረውት ብርዝነቱ ብሶበታል፤ ጫፎቹም ባዶ ናቸው፣ ድንጋዩን የያዙት ትናንሽ የወርቅ ጥፍሮች ከጎኑ ብቻ ነው የቆሙት።

«ነጠላዬን እየያዘ ይቀድብኛል» አለች ትሕትና እጇን ዘርግታ። «ሥራ ቦታ ደግሞ ሰው ሁሉ ብርጭቆ ነው ይላል፣ ቢጫ ነው ይላል። እውነቱን ንገሪኝ። ስንጥቅ አለበት?»

ያምሮት እጇን ያዘችና መነጽሯን ዓይኗ ላይ አደረገች። ስንጥቁ ያኔ ያየችው ቦታ ላይ ነው፤ አልሰፋ፣ አልጠበበ።

«አለበት» አለች። «ቢሆንም በጥንቃቄ ከያዙት ይቆያል። ባሕር ዳር ወስደሽ አስፈቺውና በቢጫ ወርቅ አሳስሪው፤ ቀለሙ ከወርቁ ጋር ይዋሃዳል፣ ብርጭቆ አይመስልም። አራቱንም ጫፍ የሚሸፍን ጥፍር አድርጉበት በያቸው። ይቺን ጫፍ በተለይ። ያን ጊዜ ቢመታም ወርቁ ይቀበልለታል።»

«አንቺ ብትሠሪልኝስ?»

ያምሮት ድንጋዩን አየችው። ዕድሜዋን ሙሉ ስትመኘው የኖረችው ሥራ ነው። አንዴ ብቻ ከራሷ መብራት ሥር አስገብታ ጥፍሩን በሞረድ ብታሾልለት፣ ጫፉን ብታለብሰው። ግን ስታየው ምራቁ ይታያታል፤ በደረጃው ሲወርድ ይታያታል።

«እኔ አልነካውም» አለች። «አስጠልቶኛል። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ አንቺ ምንም አላደረግሽኝም።»

«እኔ ቀጭን ቀለበት ነበር የምፈልገው እኮ» አለች ትሕትና። «ማንም አልጠየቀኝም።» ከዚያ ቀና አለች። «ያን ቀን ግን ለምን እምቢ አላልሽም? አልተፋም ብትያቸው ምን ያመጡ ነበር?»

«ፈርቼ ነው» አለች ያምሮት።

ትሕትና ቀለበቱን ወደ መዳፏ አዙራ ጨበጠችና ተሰናብታ ወጣች።

ኋላ እንደተሰማው ባሕር ዳር ወስዳ በቢጫ ወርቅ አሳስራዋለች። ጥሩ ሆኗል አሉ። ድንጋዩም እስካሁን አልተፈነከተም። ወይዘሮ አልጣሽ የዳነው በምራቅ ነው ማለታቸውን አልተዉም። ገነነ ፍኖተ ሰላም ሲመጣ ከሱቋ ማዶ ባለው መንገድ ነው የሚያልፈው።

በሐምሌ አንድ ቀን መስከረም፣ የወይዘሮ አልጣሽ ሠራተኛ፣ በዝናብ በስብሳ ሱቁ ደረሰች። በቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ይዛለች፤ ለጋ፣ ሽታው ከሩቅ የሚጠራ። መስታወቱ ላይ አስቀመጠችውና የታዘዘችውን ተናገረች። ትሕትና ነፍሰ ጡር ናት። አንዳንድ ቀን በፍኖተ ሰላም ታልፋለች። እትዬ አልጣሽ ያምሮትን ቅቤዋን እንድትቀበልና ልጅቷ ስታልፍ ቀና ብላ እንዳታይባቸው ይለምኗታል።

ያምሮት የምትሠራውን የጆሮ ጌጥ አስቀመጠች። ቅቤውን ወደ መስከረም ገፋችው።

«መልሺላቸው» አለች። «እኔ እነሱን አይቼ ጨርሻለሁ በያቸው።»

መስከረም ግራ ገብቷት ትንሽ ቆመች። እንደ እሺታ ይሁን እንደ ስድብ አልለየላትም። «እሺ ነው ያለችኝ ልበላቸው?»

«እንዳልሁሽ በያቸው።»

ልጅቷ ቅቤውን በነጠላዋ ሸፍና ወደ ዝናቡ ወጣች። ያምሮት ቅጠሉ ካረፈበት መስታወት ላይ የቀረውን ቅባት በእርጥብ ጨርቅ፣ ቀጥሎ በደረቅ ጨርቅ ጠረገችው፤ ሽታው አልለቅ ስላላት መስኮቱን ከፍታ ወደ ጆሮ ጌጡ ተመለሰች።